ቀይ መብራት ላይ ራሱን የሚያጠፋ ሞተር፦ ስታርት-ስቶፕ በአዳማ ሙቀት

መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ እግርዎን ከፍሬን ሲያነሱ መልሶ ይነሳል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል። ጥቂት ወራት ከነዳ በኋላ ደግሞ ሞተሩ መጥፋቱን ሲተው፣ አሁንም ተበላሸ ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጊዜ የተበላሸ ነገር አልነበረም። በሁለተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ደህና ነው፤ ደከም ያለው ባትሪው ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን የነዳጅ መኪና አክብሮ መያዝ የግድ ሆኗል። ከነዚህ መኪኖች አዲስ አዲሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ስታርት-ስቶፕ አላቸው። ስለዚህ ከዚህ ሲስተም ጋር ገና ለብዙ ዓመት አብረን ነን።

ምን ያህል ያተርፋል?

ከ1.0 እስከ 1.5 ሊትር የሆነ የቤንዚን ሞተር ኤሲ ሳይከፈት በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ በሰዓት ከ0.5 እስከ 0.8 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ኤሲ ሲከፈት ይጨምራል። የሞቀ ሞተርን መልሶ ለማስነሳት የሚሄደው ነዳጅ በሚኒሞ 10 ሰከንድ ቢሠራ ከሚያቃጥለው አይበልጥም። ከ10 ሰከንድ በላይ የሚያስቆም ነገር ካለ ማጥፋቱ ያዋጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ትርፉ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ማድከም ነው። ይህችን 10 ሰከንድ ይያዟት፤ ከታች ያለው ምክር ግማሹ ከእርሷ ይመጣል።

ሂሳቡን በአዳማ ልክ እንሥራው። አዳማ አዲስ አበባ አይደለችም፤ መኪናው በቀን ቆሞ የሚያሳልፈው ጊዜ ተደምሮ 20 ደቂቃ ነው እንበል። በሰዓት 0.7 ሊትር ብንይዝ በቀን ሩብ ሊትር አይሞላም፤ በወር በ26 የሥራ ቀን 6 ሊትር ገደማ ይሆናል። መጥፎ አይደለም። ለዚህ ሲስተም የሚሆነው ባትሪ ግን ከተራው ባትሪ በብዙ ይወደዳል። አራት ዓመት ሊያገለግል የሚችለው ባትሪ በአያያዝ ጉድለት በሁለት ዓመት ከሞተ፣ የተቆጠበው ነዳጅ በሙሉ ለባትሪ ነጋዴው ይሄዳል። ስለዚህ ነዳጅ ልቆጥብ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት ባትሪውን መጠበቅ አለበት።

አዝራሩና መብራቱ

አዝራሩ ላይ በክብ ቀስት የተከበበ የላቲን ኤ ፊደል አለ። ሲስተሙ ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር በራሱ ሥራ ላይ ይውላል፤ ትናንት ቢያጠፉትም ዛሬ መልሶ ይበራል። አንዴ ሲጫኑት ዳሽቦርድ ላይ በቢጫ ኦፍ የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ያኔ ሞተሩ መብራት ላይ አይጠፋም። በብዙ መኪኖች አረንጓዴ ወይም ነጭ የኤ ምልክት ማለት «ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ለመነሳት ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው። በመስመር የተሰረዘ ምልክት ደግሞ «አሁን አልፈቀድኩም» ይላል። ብልሽትን የሚናገረው ቢጫው ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል ወይም የሞተር መብራት አብሮት ሲበራ ነው። ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ የመኪናዎን ማኑዋል አንዴ ገልጦ ማየት ጥሩ ነው።

በአዝራር ሳይሆን በእግር

አውቶማቲክ መኪና ላይ ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ ፍሬን ረግጠው ሙሉ በሙሉ ሲቆሙ ሞተሩ ይጠፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በርካታ መኪኖች የፍሬኑን አረጋገጥ መለካታቸውን ነው። መኪናው እንዳይንሸራተት ያህል በስሱ ከያዙት ሞተሩ አይጠፋም፤ ከቆሙ በኋላ ጠበቅ ሲያደርጉት ይጠፋል። በራስዎ መኪና ባዶ ቦታ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይሞክሩት። ከለመዱት አዝራሩን መጫን አያስፈልግዎትም፤ መብራቱ ሊለቅ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው በስስ እግር፣ ገና ከያዘ ደግሞ ጠበቅ ባለ እግር ይቆማሉ።

ከጠፋ በኋላ ሳይንቀሳቀሱ ማስነሳት ከፈለጉ ፍሬኑን ትንሽ ላላ ያድርጉት ወይም መሪውን ትንሽ ያንቀሳቅሱት፤ በብዙ መኪና ይነሳል። ይህ ወደ ግራ ለመታጠፍ ክፍተት ሲጠብቁ ይጠቅማል። ሞተሩ ለመነሳት ከግማሽ ሰከንድ በታች እስከ አንድ ሰከንድ ይፈልጋል። ከፊት ለፊት ከባድ መኪና እየመጣ ይህ ጊዜ ረጅም ነው፤ ቀድመው አስነስተው ይጠብቁ። አውቶ ሆልድ (ፍሬኑን በራሱ ይዞ የሚያቆይ አዝራር) ያለው መኪና ላይ ደግሞ እግርዎን ከፍሬን ቢያነሱም ሞተሩ ጠፍቶ ሊቆይና ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ ሊነሳ ይችላል፤ መዘግየቱ እዚያ ላይ የበለጠ ይሰማል።

ማንዋል ማርሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መኪናው ይቆማል፤ ማርሹ ኒውትራል ይገባል፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ ያኔ ሞተሩ ይጠፋል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይነሳል። መብራት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ የመጠበቅ ልማድ ያለው ሾፌር ሲስተሙን በሕይወቱ አያየውም፤ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውንም ያለ ጥቅም እየጨረሰ ነው።

አዝራሩን ተጭኖ ማጥፋት የሚያዋጣባቸው ቦታዎች አሉ። አዳማ ውስጥ ፍራንኮም ሆነ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጅ ከግራም ከቀኝም እየገባ ሦስት ሜትር ሄዶ ሁለት ሰከንድ መቆም ሲበዛ፣ የቆሙት ጊዜ 10 ሰከንድ ስለማይሞላ ይዝጉት። አደባባይ መግቢያ ላይ፣ መኪና ወደ ጠባብ ቦታ ሲያስገቡና ሲያወጡ፣ ከጅቡቲ መስመር በሚመጡ ከባድ ተሽከርካሪዎች መሃል ሲሻገሩም እንዲሁ።

የነዳጅ ማደያ ሰልፍ ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚቆሙት በሰከንድ ሳይሆን በደቂቃ፣ አንዳንዴም በሰዓት ነው። ስታርት-ስቶፕ ለረጅም ቆይታ አልተሠራም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ባትሪውን ለማዳን ሞተሩን ራሱ ያስነሳዋል። ራዲዮውና ፋኑ እስከዚያ ድረስ ባትሪውን ይበላሉ። ሰልፍ ላይ ሞተሩን በቁልፍ ወይም በስታርት አዝራሩ ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ተራዎ ደርሶ ማደያው ሥር ሲቆሙ ይህ ግዴታ ነው፤ በስታርት-ስቶፕ የጠፋ ሞተር እንደጠፋ አይቆጠርም፣ በማንኛውም ሰከንድ ሊነሳ ይችላል።

ለምን እምቢ ይላል?

ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ብዙ ነገር ያጣራል፤ አንዱ ከጎደለ ዝም ብሎ ይተወዋል። የሞተሩ ውሃ በደንብ ካልሞቀ አይጠፋም፤ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ የሚታየው ይህ ነው። የሾፌሩ ቀበቶ ካልታሰረ፣ በር ወይም ኮፋኖ በደንብ ካልተዘጋ፣ መሪው በጣም ከተጠመዘዘ፣ ማርሹ አር ላይ ከነበረ፣ መንገዱ በጣም ዳገት ወይም ቁልቁለት ከሆነ፣ የናፍጣ መኪና የጭስ ማጣሪያውን እያቃጠለ እያጸዳ ከሆነ፣ አይጠፋም። ጠፍቶ እያለ ፍሬኑን ደጋግመው ቢረግጡት ደግሞ ይነሳል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ቫኪዩም (መምጠጫ ኃይል) የሚመጣው ከሞተሩ ስለሆነ በረገጡ ቁጥር ያልቃል፣ ሲስተሙም ፍሬን እንዳይደነድን ሞተሩን ያስነሳል።

ከዚሁ ቫኪዩም ጋር የሚሄድ፣ እኛ አገር በጣም የሚያደናግር ነገር አለ። የአንዳንድ መኪኖች ማኑዋል ከፍተኛ ቦታ ላይ ስታርት-ስቶፕ ላይሠራ እንደሚችል ይጽፋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ የአየር ግፊት ሲቀንስ ሞተሩ የሚፈጥረው ቫኪዩም ይሳሳል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አንድም ቀን ጠፍቶ የማያውቅ መኪና ሞጆን አልፎ አዳማ ሲገባ መብራት ላይ ቢጠፋ አይደንግጡ። በተቃራኒው ከአዳማ የወጣ መኪና ሸገር ላይ «ቢያምጽ» ጋራዥ አይውሰዱት።

አዳማ ላይ ትልቁ እንቅፋት ግን ኤሲ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ፀሐይ ላይ ቆሞ የነበረ መኪና ውስጥ ገብተው ኤሲውን የመጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ ሲያደርጉት፣ ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ ሲስተሙ ሞተሩን ለማጥፋት አይፈቅድም። ቢያጠፋው እንኳ ፋኑ ብቻ እየነፋ ውስጡ ሲሞቅ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልሶ ሊያስነሳው ይችላል። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መስኮቶቹን ከፍተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነድተው የታመቀውን ሙቀት ያስወጡ፤ ከዚያ መስኮት ዘግተው አየሩን ወደ ውስጥ ዝውውር ያድርጉት፤ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን 24 ወይም 25 ላይ አስቀምጠው አውቶ ላይ ይተዉት። የፊት መስታወት ጭጋግ ማጥፊያው (ዲፍሮስት) ከተከፈተ ሞተሩ አይጠፋም፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ እጁ ነክቶት ከፍቶ ይተወዋል። ልጅ ወይም ሽማግሌ ጭነው ሙቀቱ ከባድ ከሆነ ግን ሩብ ሊትር ነዳጅ ለማዳን አይጨነቁ፤ ኦፍ ያድርጉት።

ባትሪው

ለስታርት-ስቶፕ የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ባትሪዎች አሉ፦ ኢኤፍቢ እና ኤጂኤም። ኢኤፍቢ የተጠናከረ ባለ አሲድ ውሃ ባትሪ ነው። ኤጂኤም ውስጥ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ተመጥጦ የተያዘ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም፣ ክዳኑም አይከፈትም። ተራ ባትሪ ሞተር ለማስነሳት አንዴ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው ለመሞላት የተሠራ ነው፤ በየመብራቱ ራዲዮውን፣ ፋኑንና መብራቱን እየቀለበ በቀን 40 ጊዜ ሞተር አስነሳ ቢሉት ውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች ፈጥነው ይረግፋሉ። ባትሪ ቤት «ይሄም ይገጥማል» ሲሉዎት፣ መግጠሙስ ይገጥማል፤ ችግሩ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው።

ከዓረብ አገርም ከአውሮፓም የመጣ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ርካሽ ተራ ባትሪ ገጥሞበት ይገኛል። ስለዚህ ኮፋኖውን ከፍተው በላቲን ፊደል ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ የስታርት-ስቶፕ ባትሪ ኮዱ በፊደል ይጀምራል፦ ኤም-42፣ ኤን-55፣ ኪው-85፣ ኤስ-95። በመጠን ሲታይ ኤም የተራውን ቢ20፣ ኤን የቢ24፣ ኪው የዲ23፣ ኤስ የዲ26 ቦታ ላይ ይቀመጣል። መጨረሻው ላይ አር ፊደል ካለ ምሰሶዎቹ ተገላብጠዋል ማለት ነው፤ ያንን ካላዩ ገመዱ አይደርስልዎትም። የአውሮፓ መኪና ላይ በብዛት የሚገኙት ባለ 60 አምፒር-ሰዓት (የመያዝ አቅሙ) 680 አምፒር (የማስነሻ ኃይሉ) እና ባለ 70 አምፒር-ሰዓት 760 አምፒር ኤጂኤም ናቸው።

ምርጫው ላይ አንድ ሕግ አለ። ኤጂኤም የነበረው መኪና ወደ ኢኤፍቢ ወይም ወደ ተራ አይወርድም። ኢኤፍቢ የነበረውን ወደ ኤጂኤም ማሳደግ በወረቀት ደረጃ ይቻላል፤ እንደ አዳማ ባለ ሙቀት ግን ባትሪው ኮፋኖ ሥር ሞተሩ አጠገብ የሚቀመጥ ከሆነ አንመክረውም። ኤጂኤም ሙቀት አይወድም፤ ብዙ ፋብሪካዎች ኤጂኤምን ፖርቶ ባጋልዮ ውስጥ ወይም ወንበር ሥር፣ ኢኤፍቢን ሞተር ጎን የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ትክክለኛው ባትሪ ከጠፋ፣ ወይም ለጊዜው ገንዘቡ ከሌለ፣ ተራውን ገጥመው መኪናውን ባስነሱ ቁጥር ኦፍ የሚለውን ይጫኑ። ይህን ማድረግ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ተራ ባትሪ ይዞ ስታርት-ስቶፕን ማሠራት ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሙቀት ባትሪን ምን ያህል እንደሚበላ ለመገመት በባትሪ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ መለኪያ አለ፦ የባትሪው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ባትሪው ዙሪያ ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ወይም የጨርቅ ሽፋን ጌጥ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ «አያስፈልግም» ተብሎ ሲጣል በተደጋጋሚ ይታያል፤ መልሰው ያስገጥሙ። ጥላ ሥር ማቆምም እንዲሁ ቀላል የሚመስል ግን የሚቆጠር ነገር ነው።

ሁለተኛው የአዳማ ችግር የመንገዱ ማጠር ነው። ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ትምህርት ቤት፣ አስር ደቂቃ አስር ደቂቃ የሚነዳ መኪና ለማስነሳት የወጣውን ኃይል ለመተካት ጊዜ አያገኝም። ባትሪው ከ75 ከመቶ በታች ሲወርድ ብዙ መኪኖች ስታርት-ስቶፕን ይዘጋሉ። በሳምንት አንዴ እስከ ሞጆ ደርሶ መመለስ ወይም ሶደሬ ወርዶ መምጣት ያግዛል። እሱ ካልተመቸ በቻርጀር መሙላት ነው። ቻርጀሩ ኤጂኤም የሚል ምርጫ ያለው፣ ከ14.8 ቮልት የማያልፍ ይሁን፤ ኃይሉ ከባትሪው አምፒር-ሰዓት አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለትም ለ60 እና ለ70 ከ6 እስከ 7 አምፒር፣ ሌሊቱን ሙሉ። ባትሪ ቤቶች ባለው ትልቅ ቻርጀር «በአንድ ሰዓት እንሙላልህ» ከተባሉ ኤጂኤም ባትሪዎን አይስጡ፤ ውስጡ ሲሞቅ ጋዙ በደህንነት ክዳኑ ይወጣል፣ የወጣው እርጥበት ደግሞ አይመለስም።

የቻርጀሩን ወይም የማስነሻ ገመዱን ጥቁር ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ምሰሶ ላይ አይንከሱት። በስታርት-ስቶፕ መኪና ነጌቲቩ ላይ የምትታየው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ሴንሰር ናት፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል ትቆጥራለች። ምሰሶው ላይ በቀጥታ ከሞሉ ኃይሉ ሳይቆጠር ያልፋል፣ ባትሪው ሞልቶ ሳለ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ጥቁሩን ጫፍ የሻሲ ብረት ወይም ለዚሁ የተዘጋጀው ቡሎን ላይ ያድርጉት።

መለካት ከፈለጉ ቴስተር ይበቃል። መኪናውን ቆልፈው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ ኮፋኖውን ግን ማታውኑ ከፍተው ይተዉት፣ ጠዋት ሲከፍቱ ኮምፒዩተሩ እንዳይነቃ። 12.7 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ ጤናማ ኤጂኤም 12.8 እና 12.9 ያሳያል። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ ነው። ቴስተሩን ሳይነቅሉ ሰው ሞተሩን ያስነሳልዎት፤ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ሙሉ የነበረው ባትሪ ደክሟል። ሞተሩ ሲሠራ የሚያዩት ቁጥር ላይ ግን ይጠንቀቁ። የድሮ መኪና 14 ቮልት ላይ ይቆማል፤ የስታርት-ስቶፕ መኪና ዲናሞ ግን በኮምፒዩተር ይታዘዛል፣ ነዳጅ ለመቆጠብ 12.6 ላይ ወርዶ ፍጥነት ሲቀንሱ 15 አጠገብ ሊወጣ ይችላል። አንዴ ለክቶ «ዲናሞው አይሞላም» ብሎ ጤነኛ ዲናሞ የሚያስወርድ ኤሌክትሪሺያን እስካሁን አልጠፋም።

ባትሪውን ሲቀይሩ

1. ከአሮጌው ላይ ዓይነቱን፣ አምፒር-ሰዓቱን፣ የማስነሻ አምፒሩን፣ የምሰሶዎቹን አቅጣጫ በስልክ ፎቶ ያንሱ። የተመረተበትን ጊዜና ሱቁ ውስጥ ሳለ ያለውን ቮልት ይዩ፤ ከ12.5 በታች ያለ «አዲስ» ባትሪ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው።

2. ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ከመኪናው አርቀው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። በባለ 10 ቁልፍ መጀመሪያ ነጌቲቩን ይፍቱ። ሴንሰሯን በመዶሻ አይምቱ፣ በካቻቢቴም አይፈልቅቁ፤ በቀላሉ ትሰበራለች፣ ዋጋዋም አይቀመስም።

3. ባትሪው ፖርቶ ባጋልዮ ወይም ወንበር ሥር ከሆነ የጋዝ ማውጫ ቀጭን ቱቦ አለው። ወደ አዲሱ ያዛውሩት። ይህ ከተረሳ ጋዙ የሚወጣው እርስዎ የሚተነፍሱበት ቦታ ነው።

4. ፖዘቲቭ ቀድሞ፣ ነጌቲቭ መጨረሻ ይታሰራል። ባትሪው እንዳይነቃነቅ ማሰሪያውን ያጥብቁ።

5. ቢኤምደብሊው፣ አውዲ፣ ብዙ ቮልስዋገንና ፎርድ አዲስ ባትሪ መግባቱ በስካነር እንዲመዘገብ ይፈልጋሉ። ካልተመዘገበ ኮምፒዩተሩ አዲሱን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ከልክ በላይ ይሞላዋል። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ጋራዡ ይህን መሥራት መቻሉን ይጠይቁ።

6. መኪናውን ቆልፈው ሳይነኩት ለ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ይተዉት። ሴንሰሯ ባትሪውን የምታውቀው በእረፍት ነው፤ በዚያው ቀን ስታርት-ስቶፕ ካልሠራ አይቸኩሉ። የመሪ መብራት ከበራ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ እና ቀኝ ያዙሩት።

አንዳንድ ሜርሴዲስና ጂፕ ሁለተኛ ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ ትልቁ አዲስ ሆኖ ሳለ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ የሞተው ትንሹ ነው።

ሞተሪኖና ዘይት

የስታርት-ስቶፕ ሞተሪኖ ከተራው ብዙ እጥፍ ጊዜ እንዲያስነሳ ተደርጎ የተጠናከረ ነው። ሞተሪኖ ያልቃል ብሎ መስጋት ብዙ አያስፈልግም፤ የሚያሰጋው ተበላሽቶ በመሳይ ተራ ሞተሪኖ ሲተካ ነው። ቁጥሩ ተመሳስሎ ይገዛ። የሱዙኪ ቀላል ሃይብሪድ ሞዴሎች ላይ ሞቅ ያለውን ሞተር የሚያስነሳው በቺንጊያ የሚዞር ጄኔሬተር ነው፤ እዚያ ላይ ሲነሳ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰሙ ቺንጊያውን ይቀይሩ፣ ቀዝቃዛውን ለማስነሳት የተለመደው ሞተሪኖ አሁንም አለ።

ዘይት ላይ «አገራችን ሙቅ ስለሆነ ወፍራም ይሻላል» የሚለው ምክር ለዚህ ሞተር አይሆንም። ማኑዋሉ 0ደብሊው-20 ወይም 5ደብሊው-30 ካለ እሱን ያድርጉ። በቀን ብዙ ጊዜ የሚነሳ ሞተር ዘይቱ በየጊዜው ቶሎ ኩሽኔታዎቹ ጋ መድረስ አለበት፤ 20ደብሊው-50 ይዘገያል።

ቱርቦ ያለው መኪና ከሆነ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገድ ሲመጡ የመንገድ ክፍያ ጣቢያው ጋ ከመድረስዎ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በፊት ኦፍ ይጫኑ። በ100 እና ከዚያ በላይ ሲነዳ የነበረ ቱርቦ በጣም ግሏል፤ ክፍያው ጋ ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል። አንዳንዱ ሞዴል ለዚህ የተለየ የውሃ ፓምፕ ተገጥሞለታል፣ ጥንቃቄው ግን ምንም አያስከፍልም።

እጅ፣ ጎርፍ፣ በር

ሞተሩ በስታርት-ስቶፕ ጠፍቶ ሳለ ኮፋኖ ሥር እጅ አይገባም። የኮፋኖው ማብሪያ ሞተሩን እንዳይነሳ ይከለክላል ተብሎ ቢታሰብም፣ ሲስተሙን ለማታለል የዚህን ማብሪያ ገመድ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፤ ያገለገለ መኪና ላይ ይህ ተሠርቶ እንደሆነ አያውቁም። ኮፋኖውን ከፍተው ዳሽቦርዱ «ኮፋኖ ክፍት ነው» ካላለ ይጠርጥሩ። ሁልጊዜ በቁልፍ ያጥፉ።

ክረምት ላይ ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ሲሞላው፣ ውሃ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ኦፍ ያድርጉ። ጭስ ማውጫው ውሃ ውስጥ ሳለ ሞተሩ ከጠፋ ውሃ ወደ ኋላ ይገባል፣ መነሳቱም ያጠራጥራል።

ሞተሩ ጸጥ ስላለ ብቻ ወርደው አይሂዱ። ቀበቶ ሲፈቱ ወይም በር ሲከፍቱ አንዱ መኪና ሞተሩን ያስነሳል፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፣ ሌላው ጮሆ ዝም ይላል። ማርሹ ዲ ላይ ሳለ መኪናው ከተነሳ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ፒ፣ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ማጥፊያው፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

መንገድ ላይ ጠፍቶ አልነሳ ካለ መጀመሪያ አደጋ መጠቆሚያ መብራቱን ያብሩ። ፍሬን እንደረገጡ ማርሹን ፒ ወይም ኒውትራል ያድርጉ፤ ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ይርገጡ። ከዚያ እንደማንኛውም ጠዋት በቁልፉ ወይም በአዝራሩ ያስነሱት። አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። ኤሲውን፣ ራዲዮውን፣ ስልክ መሙያውን ዘግተው ይንዱ፤ እስከ ቤት ድረስ ኦፍ ያድርጉት፤ ማታ ኮፋኖውን ከፍተው ጠዋት ቴስተር ይዘው ይመለሱ። ጭራሽ ካልተነሳና ሞተሪኖው «ቲክ ቲክ» ካለ ገመድ ያስፈልግዎታል፤ ጥቁሩ ጫፍ ሻሲው ላይ።